የአገሮችና የጦር ኃይሎች አኃዝ በስትራቴጂ ጌም ውስጥ፤ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ የአገሮችን የሕዝብ ብዛት፣ ወታደራዊ ወጪና የሠራዊት ቁጥር ከእውነተኛ ምንጭ ወስዶ የስትራቴጂ ጌም ስለ መሥራት። የረዘሙትን ደብዳቤዎች ሐሳባቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር በዛሬው ዓለም ላይ የተመሠረተ የስትራቴጂ ጌም ለስልክ እየሠራን ነው። የእያንዳንዱን አገር ዓመታዊ ወታደራዊ ወጪ በዶላር ወስደን የጦር ጥንካሬው ነጥብ አድርገነዋል። ችግሩ አሜሪካን የያዘ ሰው ሁልጊዜ ማሸነፉ ነው፤ ትንንሾቹን አገሮች የሚመርጥ ሰው ጠፋ። እውነተኛውን አኃዝ እንተወው ወይስ ሌላ መላ አለው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አኃዙን አትተዉት፤ ያስቸገራችሁ ያለ ቦታው ስለገባ ነው። በተለምዶ ሲፕሪ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ምርምር ተቋም ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም አገሮች በጠቅላላው 2,718 ቢሊዮን ዶላር ለጦር ሲያወጡ የአሜሪካ ድርሻ ብቻውን 997 ቢሊዮን ነበር። ይህን ቁጥር እንዳለ የጥንካሬ ነጥብ ካደረጋችሁት ጨዋታው ሳይጀመር አልቋል ማለት ነው። ነገር ግን ወታደራዊ ወጪ የአንድ ዓመት ገንዘብ እንጂ የተከማቸ ኃይል አይደለም። በሲፕሪ አቆጣጠር ደመወዝ፣ የጡረተኛ ወታደሮች አበል፣ ምርምር፣ ጥገና፣ የመሣሪያ ግዢ ሁሉም አንድ ላይ ይደመራሉ፤ ከ30 ዓመት በፊት ተገዝቶ ዛሬም የሚሠራ ታንክ ግን በዘንድሮው ወጪ ውስጥ በዋጋው አይታይም። በዚህ ቁጥር ብቻ የአንድን ጦር ጉልበት መናገር፣ የአንድን ቤተሰብ የወር አስቤዛ አይቶ በጎተራው ስንት ኩንታል ጤፍ እንዳለ እንደ መገመት ነው። ስለዚህ ወጪውን ተጫዋቹ በየተራው የሚያገኘው ገቢ አድርጉት፤ ታንኩን፣ አውሮፕላኑንና መርከቡን ደግሞ ጨዋታው ሲጀመር በእጁ ያለ ክምችት አድርጋችሁ ለብቻው መዝግቡት። ገቢው ብዙ የሆነ አገር አዲስ መሣሪያ ለመሥራት ወይም ለመግዛት ተራ መጠበቅ ግድ ስለሚሆንበት፣ ትንሹ አገር ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ተራዎች የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ያገኛል።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለማየት ሩሲያና ዩክሬንን ተመልከቱ። በዚያው ተቋም ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ሩሲያ 65.9 ቢሊዮን ዶላር፣ ዩክሬን ደግሞ 5.9 ቢሊዮን ዶላር አውጥተዋል፤ 11 ለ1 ነው። አገሮችን በጦር ኃይል ተርታ የሚያስቀምጠው ግሎባል ፋየርፓወርም በ2022 መግቢያ ሩሲያን 2ኛ፣ ዩክሬንን 22ኛ አድርጎ ነበር። በእናንተ ቀመር ኪየቭ በመጀመሪያው ተራ ትወድቅ ነበር፤ በእውነቱ ግን ከሰሜን የመጣው የሩሲያ ጦር ነዳጅና ስንቅ ማድረስ እየተሳነው መንገድ ላይ ተደርድሮ ከቆየ በኋላ በመጋቢት መጨረሻ ከአካባቢው ለቆ ሄደ። ከዚህም ሌላ የሁለቱ አገሮች ወጪ ራሱ ባለበት አልቆየም። በ2024 ሩሲያ 149 ቢሊዮን፣ ዩክሬን 64.7 ቢሊዮን ዶላር እንዳወጡ ተገምቷል፤ የዩክሬኑ ከአገሪቱ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 34 በመቶ ያህል ነው። ልዩነቱ ከ11 ለ1 ወደ 2.3 ለ1 ወርዷል ማለት ነው። እንግዲህ በጌማችሁ ውስጥ ወጪው አገሩ ሲፈጠር የተሰጠው ዕጣ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ ከኢኮኖሚው ላይ ምን ያህሉን ለጦር እንደሚመድብ እየወሰነ ሕዝቡ እስከቻለው ድረስ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው መሆን አለበት።

ቁጥሩን የማለዘቢያ የሒሳብ ዘዴም አለ። የወጪውን ስኩዌር ሩት ብትወስዱ 11 ለ1 የነበረው ወደ 3.3 ለ1 ይወርዳል፤ 997 ቢሊዮንና 1 ቢሊዮን የሚያወጡ ሁለት አገሮችም 997 ለ1 መሆናቸው ቀርቶ ወደ 32 ለ1 ይጠጋሉ። ሎጋሪዝም ከዚህም በላይ ያቀራርባል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከመጠን በላይ ነው፤ በሎጋሪዝም የተሠራ ጌም ውስጥ ሉክሰምበርግ ፈረንሳይን ስታስጨንቅ ማየት አይቀርም። ይሁን እንጂ ከስኩዌር ሩትም ከሎጋሪዝምም ይልቅ ርቀትን ማስገባት ይሻላል። አሜሪካ ያን ሁሉ ገንዘብ የምታወጣው በብዙ ውቅያኖሶችና ክፍለ ዓለማት ለተበተነ ጦር ነው፤ በአንድ ተራ ሁሉንም በአንድ ድንበር ላይ ማሰለፍ አትችልም። እያንዳንዱ ክፍለ ጦር ከመነሻው በራቀ ቁጥር ከስንቁና ከነዳጁ የሚቀነስበት ሕግ ካወጣችሁ፣ እውነተኛውን አኃዝ ሳትነኩ ጨዋታው ሚዛን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ለአንድ አገር የሠራዊት ብዛት ሦስት ምንጭ ባይ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ፤ ልዩነቱ ደግሞ በእጥፍ ነው። የትኛው ነው ትክክል?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚቆጥሩት ግን አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። አብዛኛው ሰው ከዓለም ባንክ የሚወስደው የሠራዊት ብዛት መነሻው፣ ለንደን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የስትራቴጂ ጥናት ተቋም ሚሊተሪ ባላንስ በሚል ርእስ በየዓመቱ የሚያወጣው መዝገብ ነው። የባንኩ ድምር ግን ከመደበኛው ጦር ሌላ፣ በሥልጠናውና በትጥቁ ጦሩን ሊያግዝ ወይም ሊተካ የሚችለውን ፓራሚሊተሪ ኃይልም ይጨምራል። ድንበር ጠባቂውና ፈጥኖ ደራሹ ብዙ በሆነበት አገር ይህ ብቻ ቁጥሩን ያንረዋል። ተጠባባቂ ጦር ሲታከልበት ደግሞ ነገሩ ይባስ ይለያያል። ፊንላንድ 5.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር ናት፤ በሰላም ጊዜ በጦር ሰፈር ውስጥ የሚገኙት ወታደሮቿ ከጥቂት አሥር ሺዎች አይበልጡም፤ ጦርነት ቢመጣ የምታሰልፈው ሠራዊት 280,000 ነው፤ በተጠባባቂነት የምትቆጥረው ዜጋ ደግሞ ከ800,000 በላይ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር የወሰደ የጌም ሠሪ ፊንላንድን ተራ ትንሽ አገር ያደርጋታል፤ ሦስተኛውን የወሰደ ደግሞ የአውሮፓ ኃያል ያደርጋታል።

ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ካገኙት መካከል በስዊድኑ ፓራዶክስ የተሠራው ኸርትስ ኦፍ አይረን 4 አንዱ ነው። በዚያ ጌም የወታደር ብዛት የተሰጠ ቁጥር ሳይሆን አገሩ ካለው ሕዝብ ላይ በውትድርና ሕጉ መጠን የሚሰላ ነው። በፈቃደኝነት ብቻ በሚመለምል አገር 1.5 በመቶ ሲሆን፣ ሕጉ እየጠበቀ ሲሄድ ወደ 2.5፣ ወደ 5፣ ወደ 10 እያለ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ከላይኛዎቹ ሕጎች ጋር ግን የምርትና የሥልጠና ጉዳት አብሮ ይመጣል። የፊንላንድ 280,000 ከሕዝቧ 5 በመቶ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የጌሙ ሚዛን ከእውነታው ብዙም አልራቀም።

አንድ ነገር ልጨምር። መዝገብ ላይ ያለ ወታደር ሁሉ በአካል ያለ ወታደር አይደለም። የኢራቁ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል አባዲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ማለቂያ ላይ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው በሥራ ላይ የሌሉ 50,000 ወታደሮች በመዝገቡ ውስጥ መገኘታቸውን ለፓርላማ አስታውቀዋል፤ ሞሱል በጥቂት ታጣቂዎች እጅ ከወደቀች ገና መንፈቅ አልሞላም ነበር። የአፍጋኒስታን መንግሥት ጦርና ፖሊስም በወረቀት ላይ 300,000 ያህል እየተባለ ነው ካቡል በነሐሴ 2021 የወደቀችው። እኔ ብሆን በጌሙ ውስጥ ሁለት አምድ አበጃለሁ፤ አንደኛው በመዝገብ ያለው፣ ሁለተኛው ለግዳጅ የሚሰለፈው። ተጫዋቹ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ለማወቅ ገንዘብ ከፍሎ ኦዲት ማስደረግ አለበት፤ ይህን ያላደረገ መሪ ጉዱን የሚያየው በጦርነቱ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ለምሠራው ጌም የኢትዮጵያን መረጃ ራሴ ከበጀት አዋጆች እየለቀምኩ በኤክሴል አስገባለሁ። ከውጭ ምንጮች ጋር ሳመሳክረው ግን አንዳንዱ ዓመት ጭራሽ አልገጥም አለኝ። ስሕተቱ የት ነው?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ይመልከቱ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የ2016 በጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ሲፕሪ ደግሞ ቁጥሮቹን በጎርጎርዮስ ዓመት ስለሚያወጣ፣ ገንዘቡ በዓመቱ ውስጥ እኩል እንደሚወጣ አድርጎ የአንዱን በጀት ዓመት ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ያጣምራል። በዚህ ምክንያት በጀቱ በአንድ ጊዜ በጨመረበት ዓመት የእርስዎና የተቋሙ ቁጥር አይገጥሙም፤ ይህ የማንም ስሕተት አይደለም። ተጨማሪ በጀት ከጸደቀ እሱንም መደመር እንዳይረሱ።

ከባዱ ጣጣ ያለው ምንዛሪው ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለሒሳብ እንዲመች አንድ አገር 50 ቢሊዮን ብር ለመከላከያ መደበ እንበል፤ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 877 ሚሊዮን ዶላር፣ በ114 ብር ሲመነዘር ግን ልክ ግማሹ ነው። አንድም ወታደር ሳይቀነስ፣ አንድም ጠመንጃ ሳይጠፋ የአገሩ ኃይል በጌሙ ውስጥ በአንድ ክረምት ግማሽ ሆነ ማለት ነው። የዓለም ባንክ የዋጋ ልዩነትን ታሳቢ አድርጎ በመግዛት አቅም የሚያሰላው አኃዝ ይህን በከፊል ያስተካክላል፤ ሆኖም በደፈናው ሁሉንም በእሱ መቀየር ሌላ ስሕተት ይፈጥራል። የወታደሩ ቀለብ፣ ደመወዝና የደንብ ልብስ በብር የሚከፈል ስለሆነ በመግዛት አቅም ቢሰላ ተገቢ ነው። ከውጭ የሚገዛ ተዋጊ አውሮፕላን ወይም መለዋወጫ ግን ዋጋው በዶላር ነው፤ ለሻጩ የመግዛት አቅም ብሎ ነገር አይገባውም። በጀቱን ለሁለት ከፍለው በሁለት ዋጋ ያስሉት።

የሕዝብ ብዛትም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ውጤቱም ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ትንበያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ130 ሚሊዮን በላይ ሲያደርሰው የአገር ውስጡ ከዚህ በብዙ ሚሊዮን ያንሳል። ከላይ በጠቀስኩት የ1.5 በመቶ ሕግ እንኳ በየአሥር ሚሊዮኑ ልዩነት 150,000 ወታደር ይመጣል ወይም ይጠፋል። አንዱን ምንጭ ይምረጡና ለሁሉም አገሮች እሱኑ ብቻ ይጠቀሙ፤ ለኢትዮጵያ አንድ ምንጭ ለጎረቤቶቿ ሌላ ምንጭ መውሰድ ከሁሉም የከፋ ነው።

ጥያቄ፦ ጌሙን ልሸጠው አስቤያለሁ። እነዚህን ቁጥሮች መጠቀም በሕግ ያስጠይቀኛል?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ አንድ አገር ስንት ታንክ እንዳለው የሚገልጽ ነጠላ አኃዝ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1991 ተራ መረጃ በቅጂ መብት እንደማይጠበቅ ወስኗል። እርስዎ ባሉበት በአውሮፓ ኅብረት ግን የ1996ቱ የዳታቤዝ መመሪያ፣ ብዙ ወጪ ወጥቶበት የተሰበሰበ መዝገብን ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ገልብጦ መውሰድን ለ15 ዓመት ይከለክላል። የዓለም ባንክ አብዛኛው መረጃ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ለንግድም ክፍት ነው። ሲፕሪን ለንግድ ከተጠቀሙበት ፈቃድ ይጠይቁ። የግሎባል ፋየርፓወርን ደረጃ እንዳለ አይገልብጡ፤ ውጤቱ የድርጅቱ የራሱ ቀመር ሥራ ነው፤ ቀመሩም በሙሉ ይፋ ስላልሆነ ከየት እንደመጣ በማያውቁት ቁጥር ላይ ጌም መሥራት በሕግ ባያስጠይቅዎትም አይጠቅምዎትም።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በካርቶንና በዳይስ የሚጫወቱት የዓድዋ ጨዋታ ላዘጋጅ ፈልጌ፣ የዘመኑን የኢትዮጵያና የጣሊያን አኃዝ በአንድ ሰንጠረዥ ያስቀመጠ ምንጭ አጣሁ። ካለ ቢጠቁሙኝ፤ ከሌለስ ጨዋታውን በምን ልመሥርተው?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ለዚያ ዘመን ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መዝገብ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ምሁር በዴቪድ ሲንገር አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው ኮሪሌትስ ኦፍ ዋር የተባለ የጥናት ፕሮጀክት ነው። ከ1816 ጀምሮ የየአገሩን ስድስት ነገር ይቆጥራል፤ ጠቅላላ ሕዝብ፣ የከተማ ሕዝብ፣ የብረትና የአረብ ብረት ምርት፣ የኃይል ፍጆታ፣ የወታደር ብዛትና ወታደራዊ ወጪ። ከዚያም አገሩ በእያንዳንዱ ከዓለም ድምር ያለውን ድርሻ ወስዶ አማካዩን ያወጣል። ድርሻን መውሰዱ ለጌም ሠሪ እጅግ ምቹ ነው፤ ዶላርና ፓውንድ፣ ኩንታልና ቶን መለወጥ አያስፈልግም። መለኪያው ግን የብረትና የከሰል ዘመን ልጅ ነው። ለ1914 ጦርነት ጥሩ አድርጎ ይሠራል፤ ለዛሬው ዓለም ሲወሰድ ግን ቻይና ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካን በልጣ ትገኛለች፤ ምክንያቱ በአብዛኛው የሕዝቧ ብዛትና የብረት ፋብሪካዎቿ ናቸው።

ለእርስዎ ጨዋታ ያለው እንቅፋት ሌላ ነው። በዚህ መዝገብ ኢትዮጵያ የምትገባው እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ነው። እስከ 1920 ላለው ጊዜ አንድ አገር በመዝገቡ ለመቆጠር ከ500,000 በላይ ሕዝብና የእንግሊዝና የፈረንሳይ ቋሚ ዲፕሎማቶች ሊኖሩት ይገባል፤ ሁለቱ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ ምኒልክ የላኩት ደግሞ በ1897፣ ከድሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የዓድዋ ጦርነት በተካሄደበት በ1896 ጣሊያን ሙሉ አኃዝ ሲኖራት፣ ያሸነፋት አገር ረድፏ ባዶ ነው። ጦርነቱም በሁለት አገሮች መካከል የተደረገ ተብሎ ሳይሆን አንድ አገር ከሥርዓቱ ውጭ ካለ ኃይል ጋር ያደረገው ተብሎ ነው የተመደበው። ይህን ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩአቸው ራሱን የቻለ አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል። ባዶውን ረድፍ በግምት ሞልተው የአገር ለአገር ሰንጠረዥ ለመሥራት ግን አይድከሙ፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብና የብረት ኢንዱስትሪ የነበራት ጣሊያን ዓድዋ ላይ ያሰለፈችው 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነው። የቀረው የአገሯ ኃይል ባሕር ማዶ ስለሆነ ለጨዋታዎ አይቆጠርም።

እንግዲህ የሚቆጠረው በሜዳው የነበረው ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት እንደ ጸሐፊው ከ70,000 እስከ 120,000 ይገመታል፤ አብዛኛውም ጠመንጃ ነበረው። ተማሪዎችዎ ይህን ሲያዩ ብዛቱ ብቻ ነው ያሸነፈው ሊሉዎ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጨዋታው የየካቲት 22 ሌሊትን ጉዞ ማሳየት አለበት። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ በጨለማ አንቀሳቀሰ። በግራ በኩል የነበረው የብርጌድ አዛዥ አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ፤ የጣሊያኖቹ ካርታ ግን ስሙን ያለ ቦታው ጽፎት ስለነበር፣ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኮረብታ ገና ወደፊት መሆኑን ሲነግሩት ከሌሎቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሄደ፤ ጎሕ ሲቀድም ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተገናኘ። ሌላው የብርጌድ አዛዥ ዳቦርሚዳም በቀኝ በኩል ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ተነጠለ። ጦሩ አንድ ላይ ሳይሆን ብርጌድ በብርጌድ ተመታ።

ይህ በሒሳብ ምን ማለት እንደሆነ ከዓድዋ 20 ዓመት በኋላ፣ በ1916 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር ባወጣው ቀመር ሊያሳዩአቸው ይችላሉ። በዘመናዊ ጠመንጃ ሁሉም በሁሉም ላይ መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የአንድ ጦር ጉልበት የሚለካው በቁጥሩ ስኩዌር ነው። እኩል ጥራት ያላቸው 1,000 እና 1,000 ወታደሮች ቢገጥሙ ይተላለቃሉ። አንደኛው ወገን ለሁለት 500 ተከፍሎ በየተራ ቢገጥም ግን፣ ሌላኛው ከመጀመሪያው ውጊያ 866፣ ከሁለተኛው 707 ሰው ይዞ ይወጣል። ቀመሩ መልክአ ምድርን፣ ወኔንና ድካምን ስለማያውቅ ለውጊያው ሁሉ ዳኛ አያድርጉት፤ የመከፋፈልን ዋጋ ለማሳየት ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስለ ጨዋታው አሠራር፣ የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትዝ በ1824 ለጦር ትምህርት ያዘጋጀውን ዘዴ ይውሰዱ። በእሱ ጨዋታ ሁለቱ ወገኖች የሚያዩት ወታደሮቻቸው ሊያዩ የሚችሉትን ብቻ ነው፤ ሙሉውን ገጽታ የሚያውቀውና ዳይሱን ከሰንጠረዥ ጋር እያመሳከረ ጉዳቱን የሚናገረው ዳኛው ነው። እርስዎ ዳኛ ይሁኑ። ለሁለቱም ወገን የስንቅ ቆጣሪ ያድርጉላቸው፤ የምኒልክም ሠራዊት በአካባቢው የሚበላውን እየጨረሰ ስለነበር የሚጠብቅ ሁሉ ዋጋ ይክፈል። ለኢትዮጵያ ወገን ትክክለኛውን ካርታ ይስጡ፤ ለጣሊያን ወገን ደግሞ ኪዳነ ምሕረት በተሳሳተ ቦታ የተጻፈበትን፣ ስሕተት እንዳለበት ሳይነግሩ።